አፍንጫው ፈትሾታል

ቅመም የተነከረ የዶሮ ታፋ የተደረደረበትን ትሪ በሁለት እጇ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ሽታው ደጃፉ ላይ ተቀበላት። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ፤ ጋዝ። ሠላሳ አራት ዓመት የጋዝ ሠራተኛ ሚስት ሆና የኖረች ሴት ይህን ሽታ ለመለየት ሁለቴ መሳብ አያስፈልጋትም። ግን አልደነገጠችም። ባሏ ግቢው መሀል፣ ከአዲሱ የጋዝ ግሪል ፊት ለፊት ቆሟል። እሱ ባለበት ጋዝ ያፈሳል ማለት ዋናተኛ በባልዲ ውኃ ሰጠመ እንደ ማለት ነው። ስለዚህ ቅመሙ እንዳይፈስባት ትሪውን አስተካክላ፣ ቀስ ብላ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ያቺን ቀስ ማለቷን ኋላ ላይ ዕድሜ ልኳን ታስታውሳታለች።

ሰውየው በሰፈሩ «አፍንጫው» ነው የሚባለው። ስድብ እንዳይመስላችሁ፤ ማዕረግ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት በመንገድ ሲያልፍ የማያውቀው ቤት በር ላይ ድንገት ቆሞ አንኳኳ አሉ። «ጋዛችሁ እያፈሰሰ ነው» አላቸው፤ እውነትም እያፈሰሰ ነበር፤ ባልና ሚስቱ ደግሞ ከነልጆቻቸው ተኝተዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ምግብ ቤት ይሁን ትምህርት ቤት፣ ሲሊንደር የቀየረ ሁሉ «አፍንጫው ይፈትሸው» ይላል። ሌላው የጋዝ ሠራተኛ የሳሙና ውኃ በጥብጦ፣ መገጣጠሚያውን በብሩሽ ቀብቶ፣ አረፋ ይነሣ እንደሆነ ተንበርክኮ ይጠብቃል። እሱ ግን አፍንጫውን ወደ ጎማው ጫፍ ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ሦስቴ ይስባል፣ ከዚያ ጉልበቱን አራግፎ ይነሣል። «ንጹህ ነው።» አለቀ። ሳሙና ያነሣበት ሰው ካለ መልሱ አንድ ነው፦ «ሳሙና ለልብስ!»

ሌላም አመል አለው። ሲሊንደሩ አናት ላይ፣ መቆጣጠሪያው የሚገጠምበት ቦታ የምትገባ ትንሽ ክብ ላስቲክ አለች። ቀለበት የምታክል ናት፤ ጋዙን አፍና የምትይዘው ግን እሷ ናት። ደንበኛ የጋዝ ሠራተኛ በየጊዜው በአዲስ ይቀይራታል። አፍንጫው ግን አሮጌዎቹን በብስኩት ቆርቆሮ አጠራቅሞ መልሶ ይገጥማቸዋል። «ደህና ላስቲክ አይጣልም። መጥፎውን አፍንጫዬ ይነግረኛል» ይላል። ደግሞም ይነግረው ነበር፤ ውሸት አይደለም። እኔን የጠየቀኝ ካለ ግን፣ አንድ ነገር ላይ ብቻ የተደገፈ ሰው ያ ነገር የተነሣበት ዕለት ነው መሬትን የሚያውቃት።

ወደ ቅዳሜዋ እንመለስ። ሴት ልጃቸው ሕፃኗን ይዛ ቀድማ ወደ ሕፃናት ማቆያው ሄዳለች። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የዓመቱ መዝጊያ ዝግጅት አለ፤ ሕፃኗ በመዝሙሩ ላይ ጥንቸል ሆና ትዘላለች። ዶሮውም ለዚያው ድግስ ነው። ቤት የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ባል፣ ሚስትና አማቻቸው። አማቻቸው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ግሪሉንም የገዛው እሱ ነው። ወንድ ልጅ የዕቃ መመሪያ ከዳር እስከ ዳር ሲያነብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ይሄኛው ያነባል። ከሥዕሉ በታች ያለችውን ጥቃቅን ጽሑፍ ሳይቀር ያነባል።

«አባባ፣ ከግድግዳና ከጣሪያ ሦስት ሜትር ይራቅ ይላል» አለ ጠዋት ላይ፤ ግሪሉን ከበረንዳው ጥላ ሥር ብቻውን እየጎተተ ግቢው መሀል አወጣው። አፍንጫው ሳቀበት። «መገጣጠሚያውን በሳሙና ውኃ ይፈትሹ ይላል» ሲል ደግሞ አፍንጫው ቱግ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ስለ አውቶቡስህ መጥቼ አስተምሬህ አውቃለሁ?»

«ኧረ አያውቁም አባባ።»

«በል እንግዲያ!»

ተንበረከከ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሦስቴ ሳበ። «ንጹህ ነው።» ሾፌሩም መመሪያውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። አማትን ማን ይከራከራል?

ከዚያ አፍንጫው የሲሊንደሩን ቫልቭ ከፈተ፤ የግሪሉን ሦስት ማዞሪያዎች አዞረ፤ ማቀጣጠያዋን ቢጫናት ጠቅ ብላ ቀረች። ደግሞ ተጫናት፤ ጠቅ። እንደዚህ ሲሆን ማዞሪያውን ዘግቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ጋዙ እስኪበተን አምስት ደቂቃ መታገሥ ነው፤ ይህን ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ለስንቱ ሰው እየተቆጣ አስተምሯል። ግን ከተዘጋው ክዳን ሥር ምን ያህል ጋዝ እንደተጠራቀመ ድሮ የሚነግረው አፍንጫው ነበር። የሚነግረው አጣ። ማዞሪያዎቹን እንደተከፈቱ ትቶ ላይተር ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ ቆየ። ሚስቱ ከወጥ ቤት የወጣችው ይኼኔ ነው።

ሦስተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት። ቀና ስትል ባሏ ክዳኑን በግራ እጁ ገርበብ አድርጎ በቀኙ ላይተሩን ወደ ውስጥ ሰድዷል። ፊቱ ሽታው ከሚወጣበት ላይ ሁለት ስንዝር አይርቅም፤ አስቀያሚ ሽታ እንደሸተተው ሰው እንኳ ቅጭም አላለም።

«ኧረ አንተ!» ብላ ጮኸች።

ድው!

ሰማያዊ ነበልባል እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ተነሣ። ክዳኑ ተወርውሮ የአበባ ማሰሮውን አደቀቀው። የጎረቤት ውሻ ማላዘን ጀመረ። ትሪው ከእጇ መቼ እንደወደቀ አታውቅም፤ ታፋዎቹ ደረጃው ላይ ተበትነዋል፤ እሷ አፏን እንደከፈተች ደርቃ ቀርታለች። ጆሮዋ ውስጥ ጭው የሚል ነገር ብቻ ነው የሚሰማት። ሾፌሩ ደርሶ በጎን በኩል ተጎነበሰ፤ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ የሲሊንደሩን ቫልቭ አዙሮ ዘጋው። እሳቱ ጠፋ።

አፍንጫው ቆሟል። ላይተሩ እጁ ላይ ነው። ቅንድብ የሚባል ነገር የለውም፤ ከጺሙ ግማሹ ተጨማድዶ አመድ ሆኗል፤ ግንባሩ ቀልቷል። ያ ግሪል ጠዋት እንደነበረው በረንዳው ጥላ ሥር፣ ከእንጨቱ ጣሪያ ጋር ተጣብቆ ቢሆን ኖሮ ምን ይተርፍ እንደነበር ማሰብ አልፈለገችም።

«አባባ፣ እስከ በሩ ድረስ ይሸት ነበር እኮ!» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል። «እኔ ደግሞ እርስዎ አሉ ብዬ…»

«ንፋሱ ወደዚያ ወስዶብኝ ነው» አለ አፍንጫው።

ሚስቱ ወደ ልብስ ማስጫው ገመድ ዞር አለች። የተሰጣው አንሶላ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል፤ ጫፉ እንኳ አይነቃነቅም። ንፋስ የሚባል ነገር አልነበረም። ያኔ ነው ከፍንዳታው የባሰ ነገር የጠረጠረችው።

መታጠቢያ ቤት አስገብታ ቀዝቃዛ ውኃ በዝግታ እያፈሰሰች ፊቱን አቀዘቀዘችለት። ሾፌሩ «ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» ቢል ባልየው «ለጺም ደግሞ ሐኪም ቤት!» ብሎ መለሰው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ቆዩ። ከዚያ እርጥብ ፎጣ ዓይኑ ላይ ጣል አድርጋለት ወጣችና የበረኪና ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች። ይህን ስታደርግ እጇ ያፍርባት ነበር፤ ባልን እንደ ሌባ መፈተን አልለመደችም። ክዳኑን ከፍታ ከአፍንጫው ሥር አስጠጋችው። እሷን ራሷን ዓይኗን አስለቀሳት።

«ይሄ ቅባት ይሻልሃል እንዴ? ልቀባህ?»

ባልየው እንደ ልማዱ ሦስቴ ሳበ። ትንሽ አሰበ።

«ይሻላል» አለ። «ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይላል።»

ጠርሙሱን እንዳይወድቅባት በሁለት እጇ ይዛ መታጠቢያ ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ያለፈው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። ድስቱ አርሮ ቤቱ በጭስ ሲታፈን ጋዜጣ እያነበበ የተቀመጠው። የኮመጠጠውን ወተት በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ «ጎሽ» ያላት። ሽቶ ሳትቀባ «ዛሬማ ሽቶሽ አወደኝ» ብሎ ያሞገሳት። እሷ ደግሞ ዕድሜ ነው፣ ፍቅር ነው እያለች በሳቅ አልፋዋለች!

«በረኪና ነው» አለችው።

ፎጣውን ከዓይኑ ላይ አላነሣም። ከዚያ በተሰበረ ድምፅ፣ «ከዚያ ጉንፋን ወዲህ ነው» አለ።

«የትኛው ጉንፋን?»

«አልጋ ላይ የጣለኝ። ዐሥራ አራት ወሩ።»

«ዐሥራ አራት ወር! ዐሥራ አራት ወር ሙሉ የሰው ቤት እየገባህ ንጹህ ነው እያልክ?»

«ይመለስልኛል ብዬ ነዋ! ዛሬ ነገ ይመለሳል ስል…» ፎጣውን አነሣ፤ ቅንድብ የሌለው ፊቱ የሕፃን ፊት መስሏል። «ምን ልበል? አፍንጫው አፍንጫ የለውም ልበል? ሌላ ምን አለኝ እኔ? ለልጁ እንዳትነግሪው። ለማንም እንዳትነግሪ። ከእንግዲህ በሳሙና እፈትሻለሁ፤ ማንም ሳያይ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

ልትቆጣው ነበር፤ ደንበኛ አድርጋ ልትቆጣው። ግን ቁጣው ምላሷ ላይ ሳይደርስ ሌላ ነገር ቀደመው። ዛሬ ጠዋት፣ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ የሥራ ቦርሳውን ይዞ ወጥቶ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርክ?»

ፎጣውን መልሶ ዓይኑ ላይ አደረገ።

«አንተ! የት ነበርክ?»

«ማቆያው» አለ። «የግቢያቸውን ግሪል ሲሊንደር ቀየርኩላቸው። ለዝግጅቱ።»

«ላስቲኳንስ?»

ባልየው ከንፈሩን ላሰ። «ከቆርቆሮው ነው ያወጣሁት።»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስምንት ተኩል ይላል። ጥንቸሏ፣ ባለ ነጭ ጆሮዋ የልጅ ልጇ፣ አሁን እዚያ ግቢ ውስጥ እየዘለለች ነው።

ለልጇ ደወለች፤ ይጠራል፣ አይነሣም። የማቆያው ስልክ ተይዟል። ደግማ ደወለች። ባልዲ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የቀለም ብሩሽ፤ ያገኘችውን ሁሉ ሰብስባ መኪና ውስጥ ገባች። ሾፌሩን «ቶሎ በል፣ ማቆያው!» ብቻ አለችው። ፊቷን አይቶ አንዲት ቃል አልጠየቀም። በሥራው ዘመን ሁሉ የፍጥነት ወሰን አልፎ የማያውቅ ሰው ያን ቀን አለፈ።

«አንተ ካልነገርካቸው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለች በባሏ ጆሮ፤ ከኋላ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«መጀመሪያ እንየው። ደህና ሊሆን ይችላል።»

«ደህና ካልሆነስ?»

ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እጁን አልያዘችለትም። አሳዘናት፤ ደግሞም ልታንቀው ቃጣት፤ ሁለቱም እውነት ነው።

የማቆያው በር ጋ ሲደርሱ የሚጠበስ ሥጋ ጭስ አጥሩን አልፎ ይወጣል። ቀድመው አቀጣጥለውታል። እየሮጠች ገባች። ግሪሉ ግቢው ጥግ፣ ጥላው ሥር ቆሟል፤ የማቆያው ወጥ ሠሪ በመቆንጠጫ ሥጋ ታገላብጣለች፤ እሳቱ ሰማያዊና ጸጥ ያለ ነው። ከፊቷ ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ሕፃናት የወረቀት ሳህን ይዘው ተሰልፈዋል፤ ድብ፣ ቢራቢሮ፣ አንበሳ። ጥንቸሏ ከፊት ሁለተኛ ናት። አያቷን ስታይ ሳህኗን አውለበለበች።

አልፈነዳም፤ ሕያዋን ናቸው።

«ጋሼ! ፊትዎን ምን ሆኑ?» አለች የማቆያው ኃላፊ እየሮጠች መጥታ።

«ትንሽ ብልጭታ ናት» አለ አፍንጫው። ከዚያ ወደ ሚስቱ ጠጋ ብሎ አንሾካሾከ። «አየሽ? ግማሽ ሰዓት ነድዷል፤ ምንም የለውም። በይ እንሂድ።»

እንሂድ! ይህን በሰማች ጊዜ ሠላሳ አራት ዓመት ተሸፍኖ የኖረ ቁጣ ገነፈለባት። ባልዲው ውስጥ ከግቢው ቧንቧ ውኃ ቀድታ ከግሪሉ ሥር ተንበረከከች፤ የምታደርገውን ከባሏ ሳይሆን አማቿ ካነበበው መመሪያ ነው የሰማችው። ሳሙናውን በጥብጣ ብሩሹን ነከረች፣ የሲሊንደሩን አንገት ዙሪያውን ቀባችው። ለአንድ አፍታ ምንም አልሆነ። ከዚያ ከመቆጣጠሪያው ሥር አንዲት አረፋ ብቅ አለች። አበጠች። የእንቁላል ያህል ሆና ፈነዳች። በቦታዋ ሌላ፣ ከአጠገቧ ሌላ፤ የሳሙናው ውኃ ፍልቅ ፍልቅ ይል ጀመር። ከአናቷ በላይ፣ ሦስት ስንዝር በማይሞላ ርቀት፣ እሳቱ ይነድዳል።

ቀና ስትል ባሏ አረፋውን እያየ ነው። በዓይኑ አየው። ዕድሜ ልኩን የናቀው ሳሙና አፉን ከፍቶ ሲመሰክርበት አየ።

«ልጆች ሁላችሁም ወደ በሩ! አውቶቡሱ ሊሄድ ነው፣ ቶሎ ቶሎ!» አለ ሾፌሩ ጨዋታ አስመስሎ፤ ሁሉንም ነገር ያኔ ነው የተረዳው። ድምፁ ሳይንቀጠቀጥ ሕፃናቱን እየነዳ አወጣቸው። አፍንጫው ሚስቱን ገፋ አድርጎ ተጎነበሰና ቫልቩን በባዶ እጁ አዞረው። እሳቱ ዝቅ፣ ዝቅ ብሎ ጠፋ። ግሪሉ ላይ ሥጋው ብቻ ሲንጣጣ ይሰማል።

ሁሉም እሱን ያያሉ፤ ኃላፊዋ፣ ወጥ ሠሪዋ፣ በር ላይ የተሰበሰቡት ወላጆች። አሁንም መዋሸት ይችል ነበር። ላስቲኳ አረጀች፣ ፋብሪካው ነው ጥፋተኛው፣ የሚባል ነገር አይጠፋም። ሚስቱ ብሩሹን እንደያዘች አፍ አፉን አየችው።

«እኔ አፍንጫ የለኝም» አለ ባልየው። «ዐሥራ አራት ወር ሆነኝ፤ ምንም አይሸተኝም። ጠዋት ንጹህ ነው ያልኳችሁ ዋሽቼ ነው።»

ወጥ ሠሪዋ መቆንጠጫውን አስቀምጣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ሸቶኝ ነበር» አለች። «ከጠዋት ጀምሮ ይሸተኛል። እሳቸው ፈትሸውታል ሲሉኝ ጊዜ፣ የኔ አፍንጫ ነው የተበላሸው ብዬ ዝም አልኩ።»

«እኔም ሸቶኝ ነበር» አለች ኃላፊዋ በቀስታ።

ሴት ልጃቸው ጥንቸሏን ታቅፋ ከበሩ መጣች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «እኔም አባዬ» አለች። «ልጄን ከፊት ያሰለፍኳት አንተ ነህ የሠራኸው ብዬ ነው።»

አፍንጫው ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ከሕፃናቱ ትንንሽ ወንበሮች አንዷ ላይ ቁጭ አለ። ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። እንደዚያ ሆኖ ጣቶቹን እያጠፈ መቁጠር ጀመረ፦ ምግብ ቤቱ፣ ዳቦ ቤቱ፣ የልብስ ሰፊዋ ቤት፣ እነዚያ መንታ የወለዱት… ጣት ሲያልቅበት ከመጀመሪያው ጀመረ። ዐሥራ አራት ወር የገባባቸው ቤቶች ሁሉ፣ ሸቷቸው፣ እሱን አምነው ዝም ብለው የተቀመጡ ቤቶች።

ሚስቱ ባልዲውን ይዛ አጠገቡ ቆመች። ውኃው ግማሽ ድረስ አለ፤ ለጥቂት ቤት ይበቃል፤ ሳሙና ደግሞ በየቤቱ አይጠፋም። «ተነሥ። ከመንታዎቹ ቤት እንጀምር» አለችው።

ተነሣ። ባልዲውን ከእጇ ተቀበላት። መንገድ ሊጀምሩ ሲሉ ቆም አለና፣ ቅንድብ በሌለው ፊቱ ትኩር ብሎ አያት።

«አንቺስ?» አላት። «ቅድም ቤት፣ ደረጃው ላይ… አልሸተተሽም ነበር?»

«ሸቶኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ከሩቅ አልጮህሽም?»

ልትዋሽለት ፈለገች። ከልቧ ፈለገች።

«አንተ እዚያ ቆመህ ነበራ» አለችው።